ዲሲን በአንድ ቀን በእግር፦ ከካፒቶል እስከ ሊንከን

ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲን እንዴት ልየው?» አንዱ ልጁን ሊጠይቅ የመጣ አባት ነው። ሌላዋ ለስብሰባ መጥታ አንድ ቀን የተረፋት ናት። እስካሁን በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳሁ ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ግን አንዴ ልጻፈውና ለሁሉም ይድረስ።

ከመጀመሬ በፊት የቀኑን ዋና ሕግ ልንገራችሁ። የሚዘጋውን ቀን፣ የማይዘጋውን ማታ። ሙዚየሞቹ አብዛኞቹ በ10:00 ተከፍተው በ5:30 ይዘጋሉ። ሐውልቶቹና መታሰቢያዎቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ በር የላቸውም። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ጠዋት በጉጉት ወደ ሊንከን ይሮጣል፣ ቀትር ላይ በፀሐይ ይቃጠላል፣ ሙዚየም በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው «ተዘግቷል» ይለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተሠሩት በዚህ ሕግ ላይ ነው።

ሰዓቱንም ዓመቱንም የምጽፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ትኬቱም በሩም ላይ የምታገኙት እሱን ነው። ጠዋት 10:00 ማለት የእኛ 4 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትይዙ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

የምንሄድበት ቦታ

ናሽናል ሞል ይባላል። ሞል ሲባል የገበያ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ የሚሸመት ነገር የለም። ካፒቶል በሚባለው የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃና በሊንከን መታሰቢያ መካከል የተዘረጋ ረጅም የሣር ሜዳ ነው። ከጫፍ ጫፍ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ የምመራችሁ መንገድ ስለሚዞር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሙዚየም ውስጡን እርምጃ አልቆጠርኩም። ለመግቢያ የምትከፍሉት ምንም የለም፣ ሁሉም ነፃ ነው።

የምትይዙት ዕቃ

- እግራችሁ የለመደው ጫማ። አዲስ ጫማ በፍጹም።
- አንድ ትርፍ ካልሲና ሁለት ሦስት ፕላስተር።
- የውሃ ጠርሙስ። በየመንገዱ የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ ስላለ ትሞሉታላችሁ።
- ምሳ ወይም መክሰስ፦ ሳንድዊች፣ ሙዝ፣ ቆሎ። ቆሎ አይበላሽም፣ አይቀልጥም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።
- ኮፍያና የፀሐይ ክሬም በበጋ፤ ጓንትና የጆሮ መሸፈኛ በክረምት። በጋና ክረምት የምለው እንደ አሜሪካ ነው፤ በጋው ሰኔ ይጀምራል።
- ፓወር ባንክ። ካርታውም ትኬቱም ካሜራውም ስልካችሁ ውስጥ ነው። ስልኩ ሲሞት ቀኑ አብሮ ይሞታል።
- በማስነካት ብቻ የሚከፍል የባንክ ካርድ፣ ወይም ስማርትሪፕ የሚባለው የባቡር ካርድ።
- የትኬቶቹ ስክሪንሾት።
- መታወቂያ ወይም ፓስፖርት በውስጥ ኪስ።
- ትንሽ የጀርባ ቦርሳ። ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ ሙዚየም አትገቡም፣ የሚያስቀምጥላችሁም የለም።

ሴንጢና ቢላዋ፣ ለፍራፍሬ መላጫ የምትይዙት ትንሿም ብትሆን፣ ቤት ትቅር። በየበሩ ቦርሳ ይፈተሻል። ሲገኝባችሁ ወይ ትጥሉታላችሁ ወይ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት ቀናት አንዱን ያዙ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል። ሰኞ ደግሞ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም የሚከፈተው በ12:00፣ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ያ ግማሽ ቀን ይበላባችኋል። ስሚዝሶኒያን በሚባለው ተቋም ሥር ያሉት እነዚህ ሙዚየሞች በዓመት የሚዘጉት አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ ውስጥ የእነሱ ገና ዕለት ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አለ። ኮንግረሱ በጀት ሳያጸድቅ ሲቀርና የመንግሥት ሥራ ሲቋረጥ ሙዚየሞቹም ሊዘጉ ይችላሉ። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት የሙዚየሙን ድረ ገጽ አንዴ እዩት።

ደረጃ 2፦ ትኬቱን ቀድማችሁ ያዙ

የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ነፃ ቢሆንም ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት ይፈልጋል። ትኬቱ ከ30 ቀን በፊት ጀምሮ በድረ ገጹ ይለቀቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ይያዝ፣ ሕፃንም ቢሆን። ከሰዓት በኋላ 1:00 አካባቢ ያለውን ምረጡ። ጠዋት ካደረጋችሁት ከካፒቶል እየሮጣችሁ ነው የምትደርሱት።

ያለቀ ከመሰላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ለዕለቱ የሚሆን ትኬት ጠዋት በ8:15 ይለቀቃል። አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ገጹን ከፍታችሁ ጠብቁ።

እዚህ ላይ ብዙ የአገሬ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። አሜሪካኖች ቀን ሲጽፉ ወሩን ያስቀድማሉ። 05/06 ማለት ሜይ 6 ነው፣ ጁን 5 አይደለም። አንዲት እንግዳዬ አንድ ወር ያለፈበት ትኬት ይዛ በር ላይ ቆማለች። ልመናም አልሠራም።

ደረጃ 3፦ የአድራሻውን አሠራር ተማሩ

አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ከመጥፋት ያድናችኋል። ከተማዋ ካፒቶልን መሐል አድርጋ በአራት ተከፍላለች፦ ሰሜን ምዕራብ፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ምሥራቅ። በእንግሊዝኛ ኤን ደብሊው፣ ኤን ኢ፣ ኤስ ደብሊው፣ ኤስ ኢ ተብለው ከአድራሻው መጨረሻ ይጻፋሉ። ቁጥር ያላቸው ጎዳናዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። የፊደል ስም ያላቸው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። በክልል ስም የተሰየሙት ሰፋፊዎቹ በሰያፍ ያቋርጣሉ።

ቁጥሩ የሚጀምረው ከካፒቶል ነው። ስለዚህ 14ኛ ጎዳና ላይ ከቆማችሁ ከካፒቶል በጣም ርቃችኋል፤ ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ እየተመለሳችሁ ነው። ችግሩ 14ኛ ጎዳና በምዕራብም አለ፣ በምሥራቅም አለ። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት ሳታዩ ለታክሲ አድራሻ አትስጡ።

ደረጃ 4፦ መኪናውን ትታችሁ በሜትሮ ግቡ

«መኪና አለኝ፣ ላድርሳችሁ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አመስግኑትና እስከ ሜትሮ ባቡር ጣቢያ ያድርሳችሁ። ሞሉ አካባቢ ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ነው። ተገኝቶም ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ ወደ መኪናው እየተመለሱ ከተማ አይታይም። የእኛ መንገድ ደግሞ የሚያልቀው ከተጀመረበት ቦታ በጣም ርቆ ነው። መኪናው ካፒቶል ቆሞ እናንተ ሊንከን ጋ ትቀራላችሁ።

የት እንደምትወርዱ የሚወሰነው በምታርፉበት ነው።

- ከአሌክሳንድሪያ፦ ሰማያዊውን መስመር ይዛችሁ ካፒቶል ሳውዝ ውረዱ።
- ከደለስ ኤርፖርት በኩል፦ ሲልቨር መስመር ሳትቀይሩ ካፒቶል ሳውዝ ያደርሳችኋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያርፈው ደለስ ነው። ወደ ከተማ አንድ ሰዓት ገደማ ያዙለት።
- ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀዩን መስመር ይዛችሁ ዩኒየን ስቴሽን ውረዱ። ከዚያ ካፒቶል የ15 ደቂቃ እግር መንገድ ነው።

ስትገቡም ስትወጡም ካርዳችሁን ታስነካላችሁ። ዋጋው እንደ ርቀቱ ስለሆነ መውጫውን ማወቅ አለበት። አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሆንም፣ እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቀኝ ይዛችሁ ቁሙ፣ ግራው ለሚቸኩል ነው። ግራው ላይ ቆማችሁ ወሬ ከያዛችሁ ከኋላ የሚመጣው ሰው ደስ አይለውም። ባቡር ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው፤ ቆሎውን ለሜዳው አቆዩት።

የድሮ መመሪያዎች ሰርኩሌተር የሚባል ርካሽ ቀይ አውቶቡስ አለ ይሏችኋል። አሁን የለም። በ2024 መጨረሻ ሥራ አቁሟል። ፌርማታ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁት።

ደረጃ 5፦ ከካፒቶል ጀምሩ (9:00)

ከጣቢያው ወጥታችሁ ጥቂት ስትሄዱ ነጩ ጉልላት ይታያችኋል። መጀመሪያ በምሥራቅ በኩል ቁሙ። ጠዋት ፀሐይዋ የምታርፈው በዚያ ፊት ላይ ስለሆነ ፎቶው ያምራል። ከዚያ ዞራችሁ ወደ ምዕራቡ ፊት ውጡ። ቀኑን ሙሉ የምትሄዱበት ሜዳ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። መሐል ላይ የዋሽንግተን ሐውልት ቀጥ ብሎ ይታያል። እዚያ ቆማችሁ ለአብሮ ሂያጅ ሁሉ «ከዚህ እስከዚያ ነው፣ ከዚያም ያልፋል» በሉ። መንገዱን በዓይኑ ያየ ሰው ጉልበቱን ይመጥናል።

ውስጥ መግባት ይቻላል። ጉብኝቱ ነፃ ነው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው የጎብኝዎች መግቢያ። ግን ከፍተሻው ጋር ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ምግብ አይገባም፣ ውሃም አይገባም፤ ጠርሙሱ ባዶ መሆን አለበት። የአንድ ቀን እንግዳ ከሆናችሁ እኔ አልመክርም። የግድ ካላችሁ ደረጃ 6ን ዝለሉት። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሲነጫነጭ ነው የሚውለው።

ደረጃ 6፦ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም (10:00)

ከካፒቶል በሜዳው ቀኝ በኩል 20 ደቂቃ ያህል ሂዱ። ይሄኛው ትኬት አይፈልግም። ልክ ሲከፈት ድረሱ፤ ከ11:00 በኋላ ሰልፉ ይረዝማል። በሞሉ በኩል ወረፋ ካለ ዞራችሁ በኮንስቲትዩሽን ጎዳና በኩል ያለውን በር ሞክሩ።

ሁሉን አያለሁ ብላችሁ አትግቡ። ቤቱ በጣም ሰፊ ነው። አንድ ሰዓት ከግማሽ ስጡትና ሁለት ነገር ብቻ እዩ። የመጀመሪያው የሰው ልጅ አመጣጥ አዳራሽ ነው። የእኛዋ ድንቅነሽ ዝርያ ፊት ምን ይመስል እንደነበር በባለሙያ እጅ ተሠርቶ ይታያል። ፊቷ ላይ ያለው ፀጉርና የዓይኗ ብርሃን ሳይቀር ተሠርቷል፤ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘው የድንቅነሽ ዋና አጥንት ያለው ግን አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን ንገሯቸው። ሁለተኛው፣ ፎቅ ላይ ያለው፣ ሆፕ የሚባለው ሰማያዊ አልማዝ ነው። 45.52 ካራት ነው። ዙሪያው ሁልጊዜ ሰው ስላለ ቀድማችሁ ወደሱ ብትወጡ ይሻላል።

አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ መግቢያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቁ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነፃ ያውሳሉ። «እኔ ደህና ነኝ፣ አልፈልግም» የሚሉ እናትና አባት እንዳሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ውሰዱት፤ ቢያንስ ቦርሳ ይሸከማል። ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው ከተቀመጡበት አልነሳም ከማለት ይህ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ምሳና ዕረፍት (12:00)

የያዛችሁትን ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ብሉ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ተቀመጡ። ጫማችሁን አውልቁ፣ ካልሲውን ቀይሩ። ይሄ ቅንጦት አይመስላችሁ። እግር የሚቆስለው በላብ ከረጠበ ካልሲ ጋር ሲፋተግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ከጠዋቱ ይረዝማል።

ምግብ ካልያዛችሁ የሙዚየም ካፌ አለ፣ ውድ ነው። መንገድ ዳር የቆሙ የምግብ መኪናዎችም አሉ። ከማዘዛችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሳንጠይቅ ሁለት ሳንድዊችና ሁለት ውሃ አዘን ከ40 ዶላር በላይ ተቆጠረብን። ምግቡ ተይዟል፣ ተነክሷል፣ ምን ይደረጋል? ከፈልን። ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ታክሱን እንደማይጨምርም አስታውሱ።

ደረጃ 8፦ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም (1:00)

ሦስት ተደራራቢ ዘውድ የመሰለው፣ ነሐስማ ቀለም ያለው ሕንፃ ነው። ከዋሽንግተን ሐውልት አጠገብ ነው። የተከፈተው በ2016 ነው።

ስትገቡ ወደ ላይ አትውጡ። በሊፍት ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ታሪኩ የሚጀምረው ከታች፣ ከባሪያ ንግዱ ዘመን ነው። እየሄዳችሁ በመወጣጫው ቀስ በቀስ ወደ ዘመናችን ትወጣላችሁ። ከላይ የጀመረ ሰው ታሪኩን ከጭራው ነው የሚያነበው። የታችኛው ክፍል ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ እየሰፋና እየበራ ይሄዳል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ስጡት። ታሪኩን ስትጨርሱ ውሃ ከጣሪያ የሚወርድበት የጸጥታ አዳራሽ አለ። እዚያ ተቀመጡ። እኔ እንግዳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር እዚያ አሥር ደቂቃ ማንም አያወራም። ፎቶ የተከለከለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ምልክቱን አክብሩ።

ደረጃ 9፦ የዋሽንግተን ሐውልትና የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መታሰቢያ (4:00)

ሐውልቱ 169 ሜትር ይረዝማል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከሥሩ ወደ ላይ ሩቡን አለፍ ብሎ የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል። ግንባታው በ1854 ቆሞ በ1879 ሲቀጥል ድንጋዩ የመጣው ከሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ላይ የሚያወጣ ሊፍት አለ፤ የዕለቱ ነፃ ትኬት የሚታደለው ግን ጠዋት ነው። ለአንድ ቀን እንግዳ ሰልፉ አያዋጣም። ቀና ብላችሁ አይታችሁ እለፉ።

ቁልቁል ወደ ምዕራብ ስትወርዱ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መታሰቢያ ነው። ፏፏቴ ያለበት ሞላላ አደባባይ። ግድግዳው ላይ 4,048 የወርቅ ኮከቦች አሉ፤ አንዱ ኮከብ 100 ለሚያህሉ ሙታን ይቆማል። እዚህ መጸዳጃ አለ፣ በደቡብ በኩል። ባይመጣባችሁም ግቡ። ውሃም ሙሉ።

ደረጃ 10፦ ማርቲን ሉተር ኪንግ (5:00)

ከዚህ ላይ ነው ሰው የሚስተው። ፊት ለፊት ረጅሙን የውሃ ገንዳና ሊንከንን ሲያይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኪንግን ሳያይ ይቀራል፣ ወይም ከሊንከን በኋላ ደክሞት ይመለሳል። እናንተ ወደ ግራ፣ ወደ ደቡብ ታጠፉ። ኢንዲፔንደንስ ጎዳናን በመብራት ተሻገሩ፤ መኪናው ብዙ ነው፣ የሚታጠፈውም አያይም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስኬዳል።

መግቢያው ለሁለት የተሰነጠቀ ተራራ ነው። በስንጥቁ ውስጥ አልፋችሁ ስትወጡ ከመሐሉ ተገፍቶ የወጣው ድንጋይ ላይ ኪንግ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። 9 ሜትር ከፍታ አለው። የሚመለከቱት ወደ ውሃው ነው፤ ስለዚህ ዞራችሁ በውሃው በኩል ካልቆማችሁ የምታዩት ጀርባውን ነው። የቦታው አድራሻ ቁጥር 1964 ነው። የሲቪል መብቶች ሕግ የጸደቀበት ዓመት ነው።

ደረጃ 11፦ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ (6:00)

ወደ ሰሜን መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ ሊንከን ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። ካፖርት የደረቡ 19 የብረት ወታደሮች በቁጥቋጦ መካከል ይራመዳሉ። ከሰው ይበልጣሉ። ሲመሽ መብራቱ ከሥር ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ሕይወት ያላቸው ይመስላሉ።

ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ ከዚህ ቦታ ሳታዩት እንዳትሄዱ የምለምናችሁ ነገር አለ። ሥዕል ከተቀረጸበት ጥቁር ግድግዳ በተቃራኒ፣ በሰሜን በኩል ባለው መተላለፊያ፣ መሬቱ አጠገብ ዝቅ ያለ የድንጋይ ጠርዝ አለ። ለኮሪያ ጦርና ሐኪም የላኩ የ22 አገሮች ስም ተቀርጾበታል። ኢትዮጵያ አለች። ብዙ ሰው ዓይኑን ወታደሮቹ ላይ ተክሎ ያልፈዋል፤ ወደ መሬት ካላያችሁ አይታይም።

አጎቴን ይዤ ስሄድ የነገርኳቸው ነገር አልነበረም። «ጋሼ፣ እስቲ ወደ ታች ይመልከቱ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወጡ። ፊደሉን በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና በጣታቸው የተቀረጸውን ዳሰሱት፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። የአባታቸው ወንድም ከቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው ነበር። «እዚህ ጽፈውላቸዋል» አሉ። «ሳላይ ብሄድ ኖሮ?»

ፎቶ ስታነሱ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጉ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ጥላችሁን ነው የሚያሳየው።

ደረጃ 12፦ ሊንከንና የቬትናም ግድግዳ (6:45)

ከውሃው ገንዳ ጠርዝ እስከ ሊንከን እግር 87 ደረጃ አለ። አትሩጡ፤ ሲደክማችሁ መሐል ላይ ተቀመጡ፣ ሁሉም ይቀመጣል። ደረጃ ለማይችል ሰው ሊፍት የሚሠራ መሆኑን ሥር ያሉትን የፓርክ ሠራተኞች ጠይቁ።

ከሐውልቱ 18 ደረጃ ወረድ ብሎ ባለው ሰፊ ቦታ ወለሉን ፈልጉ። ኪንግ ነሐሴ 28 ቀን 1963፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ «ሕልም አለኝ» ብለው የተናገሩበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። ዝናብ ሲዘንብ ፊደሉ ውሃ ስለሚይዝ ይበልጥ ይታያል። ደርቆ ከሆነ ከጠርሙሳችሁ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ዞራችሁ ወደ ካፒቶል ተመልከቱ። ጠዋት የጀመራችሁበት ጉልላት ሩቅ ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ስትወርዱ በግራችሁ በኩል የቬትናም ዘማቾች ግድግዳ ነው። ከ58,000 በላይ ስም አለበት። መንገዱ ዳር ዝቅ ያለ መብራት ስላለ ማታም ይነበባል። ሰዎች ለሞቱባቸው የሚተዉትን አበባና ደብዳቤ አትንኩ።

ደረጃ 13፦ መመለሻ

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት መጨረሻ ይሄ ነው። ወደ መጣበት በሜዳው ይመለሳል። አትመለሱ። በ23ኛ ጎዳና ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ፤ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ፎጊ ቦተም የሚባለው ሜትሮ ጣቢያ ትደርሳላችሁ።

ርቧችሁ ከሆነ ላንፎን ፕላዛ ላይ ወደ አረንጓዴው መስመር ቀይራችሁ ዩ ስትሪት ውረዱ። በ10ኛ ጎዳና በኩል ባለው መውጫ ውጡ። 9ኛ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነም አትጨነቁ፣ የጾም በያይነቱ አለ። ጉርሻ ለአስተናጋጁ ከ18 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው፤ ሒሳቡ ላይ ተጨምሮ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ ደረሰኙን አንብቡ።

ማስጠንቀቂያ

*ሙቀት።* አዲስ አበባ ፀሐይ ብትበረታ ጥላ ሥር ይቀዘቅዛል። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ጥላውም ይሞቃል፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ አይደርቅም። ስልካችሁ 95 ካለ በእኛ 35 ዲግሪ ማለት ነው። ሳይጠማችሁ ጠጡ። ራስ ምታትና ማዞር ከጀመረ ወዲያው አየር ማቀዝቀዣ ወዳለበት ሙዚየም ግቡ።

*መብረቅ።* በበጋ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድ ይመጣል። ሞሉ ገላጣ ሜዳ ነው። ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ሕንፃ ውስጥ ግቡ።

*ድሮን።* ፎቶ የምትወዱ ልጆች፣ ድሮን ይዛችሁ አትምጡ። በከተማዋ ማስነሳት ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም።

*ትራንዚት።* ደለስ ላይ ለትራንዚት የምታርፉም ብትሆኑ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት ካነሰ ይህን መንገድ አትሞክሩት። ባቡሩ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት፣ የኤርፖርት ፍተሻው ደግሞ የራሱን ይወስዳል።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስህተቶች

በአንድ ቀን አራት ሙዚየም መያዝ። ሦስተኛው ላይ ዓይን ያያል፣ ልብ አይቀበልም። ሁለት ይበቃል።

ዋይት ሐውስን «በመንገዴ ነው» ብሎ መጨመር። ከዋሽንግተን ሐውልት ወደ ሰሜን ነው፣ ከአጥር ውጭ ብቻ ነው የሚታየው፣ ደርሶ መልሱም አርባ ደቂቃ ይበላል። ማየት ካለባችሁ የሁለተኛውን ዓለም ጦርነት መታሰቢያ በሩቁ እዩት።

ቡድኑ ሲከፋፈል የት እንደምትገናኙ አለመነጋገር። ወላጆች ስልካቸው የአገር ቤት ሲም ከሆነ አይደወልላቸውም። በየሙዚየሙ ስትገቡ «ከጠፋፋን እዚህ በር» በሉ፣ በሩንም አሳዩዋቸው፤ የኋላ በርም ስላለ።

ማታ ቤት ስትደርሱ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃና ጨው ዘፍዝፉት። ጫማውን ፈትታችሁ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ነገም ታደርጉታላችሁ።